ደግነት ብቻውን በሽተኛ አያገላብጥም

ጎፋ ውስጥ አልጋ ላይ የዋለ አባት ወይም እናት ያለው ቤተሰብ አስታማሚ ሲፈልግ ምን እንደሚጠይቅ ይታወቃል። ዋስ አላት? ከዚህ በፊት ማን ቤት ሠራች? አመል የላትም? ታጋሽ ናት? ደላላው ለሁሉም መልስ አለው። ከጎፋ ማዞሪያ እስከ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም በየምሰሶው የሚለጠፈው ማስታወቂያም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ታማኝ፣ ትሑት፣ እንደ ገዛ ወላጇ የምታይ። ደመወዝ ይቆረጣል፣ የዋሱ መታወቂያ ኮፒ ይያዛል፣ ቤተሰቡም ከባዱን ነገር የጨረሰ ያህል እፎይ ይላል።

ይህ እፎይታ መሠረት የለውም። የምከራከረው ከደላላው ጋር አይደለም፤ ከሁላችንም ጋር ነው። ሁላችንም የተስማማንበት እምነት አለ፦ የቤት ውስጥ እንክብካቤ ጥራት የአስታማሚዋ ጠባይ ነው፤ ደግ ሰው ከተገኘ ሌላው ይሟላል፤ ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። እምነቱ ያምራል፤ በሽተኛ ግን ይጎዳል። ደግ አስታማሚ ባለበት ቤት ሰው በመኝታ ቁስል ይሰቃያል። ደግ አስታማሚ ባለበት ቤት መድኃኒት ይደራረባል። ደግ አስታማሚ ባለበት ቤት ምግብ ሳንባ ውስጥ ይገባል። እንክብካቤው መመዘን ያለበት አልጋው አጠገብ ነው፤ በበሽተኛው ገላ፣ በተጻፈው መዝገብ፣ አስታማሚዋ ስንት ሰዓት እንደምትተኛም በማየት።

ከመኝታ ቁስል ልጀምር፤ ከማንኛውም ምስክር ይልቅ እውነቱን የሚናገረው እሱ ነውና። ስትሮክ መትቶት ግማሽ ጎኑ የማይታዘዝለት ሰው በአንድ ወገን ብዙ ሲተኛ ቆዳው በአጥንቱና በፍራሹ መካከል ይጨፈለቃል። ደም ወደዚያ መድረስ ያቆማል፤ ሥጋው መሞት ይጀምራል። በወገብ መጨረሻ፣ በዳሌ፣ በተረከዝ። ነርሶች ሲሠለጥኑ የሚማሩት የቆየ መመሪያ በሽተኛውን በየ2 ሰዓቱ አገላብጡ የሚል ነው። በየ2 ሰዓቱ ማለት በ24 ሰዓት ውስጥ 12 ጊዜ ማለት ነው፤ ከእነዚህም ቢያንስ አራቱ ሰው በሚተኛበት ሌሊት የሚውሉ ናቸው።

አሁን አዳሪ ሆና የተቀጠረችውን አንዲት ሴት አስቡ። ቀን ታበስላለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ትመግባለች፣ ዳይፐር ትቀይራለች። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካን ትሞላለች፤ ሊፍት በሌለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ከሆነች ደግሞ ተሸክማ ትወጣለች። ሌሊት በየ2 ሰዓቱ ትነሣለች ተብሎ ይታሰባል። አንድም ሌሊት በአንድ ጊዜ ከ2 ሰዓት በላይ ሳትተኛ፣ ለወራት። የሰው ገላ ይህን አይችልም፤ ትተኛለች። መተኛቷ ክፋትም ቸልተኝነትም አይደለም፤ ሥራው ከመጀመሪያው ለአንድ ሰው የሚሆን አልነበረም። ቁስሉ ሲገለጥ ግን ቤተሰቡ «ጨካኝ ነች፣ ዘነጋችብን» ብሎ ያሰናብታታል፤ ሌላ ደግ ሰው ይፈለጋል፤ የምትመጣውም ያንኑ ሌሊት ትረከባለች። ችግሩን በጠባይ የሚመዝን ቤተሰብ ሰው ይለዋውጣል እንጂ ሌሊቱን አይቀይርም።

ሌላም አለ። ጅምር ቁስል በመቅላት ይታወቃል የሚለው ትምህርት የተጻፈው ነጭ ቆዳን አይቶ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ አይታይም፤ ወይ ይጠቁራል ወይ ምንም የተለወጠ አይመስልም። የሚያውቀው መዳፍ ነው፤ ቦታው ከአካባቢው ይልቅ ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል፣ ይጠጥራል ወይም ይላላል። ይህን ያላስተማሯትን ሴት «በደንብ እያት» ማለት ምን ዋጋ አለው? በደንብ እያየች ነው። ምን እንደምታይ ግን ማንም አልነገራትም።

ደግነት ራሱ አደጋ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ስትሮክ ከያዛቸው ሰዎች ብዙዎቹ ቢያንስ ለጊዜው በቅጡ መዋጥ ይሳናቸዋል። እንደዚህ ያለ ሰው በጀርባው ተኝቶ ሲጎርስ ምግቡ ወደ ሆዱ መሄዱን ትቶ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ከቀናት በኋላ ትኩሳትና የትንፋሽ መቆራረጥ ይመጣል፤ ቤተሰቡ ብርድ መታው ይላል። እኛ አገር ደግሞ የታመመን ሰው የሚወድ ሁሉ ያጎርሳል። «በሞቴ አንዴ ብቻ!» ይባላል። ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ሁሉ ፍቅሩን በጉርሻ ይገልጻል፤ አስታማሚዋም የበሽተኛው መክሳት አንጀቷን እየበላው ትጨምርለታለች። ውኃ ይሻለዋል ብላ ቀጭን ነገር ትሰጠዋለች፤ መዋጥ ለተሳነው ሰው ግን ከወፍራም አጥሚት ይልቅ የሚያንቀው ውኃ ነው። በሽተኛውን ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ በትንሽ ማንኪያ መስጠት፣ ውጦ መጨረሱን ማየት፣ ከበላም በኋላ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አለማስተኛት፣ እነዚህ የሚማሩት ሙያ ናቸው። በእናት አንጀት አይተኩም፤ የእናት አንጀት ከመጠን በላይ ያጎርሳል።

መድኃኒቱን በአጭሩ ልለፈው፤ ለብቻው መጣጥፍ ይወጣዋል። ከሆስፒታል ሲወጣ የሚሰጠው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፣ የሐኪም የእጅ ጽሑፍ ነው፤ በቀን አራት ጊዜ የምትሰጠው ሴት ግን የምታነበው አማርኛ ነው። አንዱ ሐኪም በፋብሪካ ስሙ፣ ሌላው በኬሚካል ስሙ ያዘዙት ያው የደም ግፊት ክኒን ሁለት ጊዜ ይዋጣል። ስኳር ያለባቸው አዛውንት ምግብ እምቢ ባሉበት ጠዋት ኢንሱሊናቸው እንደወትሮው ይወጋል። ኢንሱሊኑ የተወጋው በታማኝነት ነው፤ «በሰዓቱ ስጪ» ተብላ ነበር፣ በሰዓቱ ሰጠች።

ስለ ሕጋችን አስቡ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ቢያንስ 8ኛ ክፍል እንዲያጠናቅቅና ለሥራው የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ ጠይቆ ነበር። አንዲት ወጣት ሪያድ ሄዳ የአንድን ሳዑዲ አዛውንት ገላ ለማጠብ መመዘን ነበረባት ማለት ነው። ያቺው ወጣት ጎፋ ገብርኤል አጠገብ የኛን አዛውንት ለማጠብ የሚያስፈልጋት ዋስ ብቻ ነው። የኛ ወላጆች ገላ ያነሰ ክብር አለው? ይህን ጥያቄ የሥራ ስምሪቱን የሚመሩ ሰዎች ፊት ለፊት እንዲመልሱት እፈልጋለሁ።

አስታማሚዋን ራሷንም ሕጉ አያውቃትም። የ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377 ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ቅጥር ከአዋጁ ውጭ አድርጎ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣለታል አለ። 15 ዓመት አለፈ፤ ደንቡ አልወጣም። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1156 ሲተካው ያንኑ ቃል ደገመው። አንድ ቤተሰብ በቀጥታ የቀጠራት አስታማሚ እንግዲህ የሥራ ሰዓት ጣሪያ፣ የሳምንት ዕረፍት፣ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ የሚሰጣት የሠራተኛ ሕግ የላትም፤ ያላት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ስለ ቤት ሠራተኞች የተጻፉት ጥቂት አንቀጾች ናቸው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ብቻዋን ስታነሣ ወገቧ ቢቀጭ ዕዳው የራሷ ነው። የመርሳት ሕመም ያለበት በሽተኛ ቢመታት፣ ወይም ከቤቱ ወንዶች አንዱ ሌሊት በሯን ቢያንኳኳ የምትሄድበት ቦታ የለም። ይህን የማነሣው ከርእሴ ወጥቼ አይደለም። የማታርፍ፣ የምትፈራ፣ ወገቧን የሚያማት ሴት የምትሰጠው እንክብካቤ ደኅንነቱ የተጠበቀ ሊሆን አይችልም። የሁለቱን ደኅንነት ለይቶ መመዘን አይቻልም።

በውጭ ስላሉት ልጆቻችን ደግሞ በሐዘን እናገራለሁ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንጀራቸው የአሜሪካውያን አዛውንትን ቤት ለቤት መንከባከብ ነው። ሜዲኬር በሚከፍልበት አገልግሎት አንድ የቤት ውስጥ ጤና ረዳት ቢያንስ 75 ሰዓት መሠልጠን አለበት፤ ከዚህም 16ቱ የተግባር ነው። የነርስ ክትትል የሚያስፈልገው በሽተኛ ከሆነ ባለሙያ በየ14 ቀኑ ሥራውን ይገመግማል። ይህን በደንብ የሚያውቀው ልጅ፣ እዚያ የሠራበትን ሰዓት እየጻፈ፣ የበሽተኛውን ቆዳ እየመዘገበ የሚውለው ልጅ፣ ጎፋ ስላለችው እናቱ ሲደውል የሚጠይቀው «ደግ ናት? አትቆጣሽም?» ብሎ ነው። ካሜራ ያስገጥማል። ካሜራው ዱላን ያያል፤ ተረከዝ ሥር የጀመረን ቁስል አያይም። ለማያውቃቸው ሰዎች በየቀኑ የሚሠራበትን መለኪያ ለእናቱ ለምን አይጠይቅላትም?

የሚሰጡኝን መልሶች አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያው የገበና ነገር ነው። ቤት ቤት ነው፤ የሰው ገበና አይገለጥም፤ መዝገብና ቁጥጥር ለሆስፒታል ነው። ለዚህ መልሱ ከራሳችን ታሪክ ይገኛል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ክፉ ዓመታት ሆስፒታል የማይችላቸውን በሽተኞች የያዘው ቤት ነበር። ያን ጊዜ ገበና እንዴት ያለ ነገር እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል፤ በሽታው ስሙ አይጠራም፣ በሩ አይከፈትም። ሆኖም በአዲስ አበባ እንደ ሕይወት የኤች አይ ቪ መከላከል፣ እንክብካቤና ድጋፍ ድርጅት ያሉ ማኅበራት ከዕድሮች ጋር ሆነው የሠፈር በጎ ፈቃደኞችን አሠለጠኑ። እነዚህ ሰዎች ጓንት፣ ሳሙና፣ በረኪና የያዘ ቦርሳ አንግበው ቤት ለቤት ይሄዱ ነበር። ቁስል እንዴት እንደሚታጠብ ተምረዋል፤ ነርስ ትከታተላቸዋለች፤ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ግን በደግነታቸው ብቻ አልተላኩም። ሥልጠና፣ ዕቃና ተቆጣጣሪ ተሰጥቷቸዋል። በዚያ ሁሉ ፍርሃትና መገለል ውስጥ የተቻለ ነገር ዛሬ ስኳርና ደም ግፊት ላለባቸው አዛውንት ገበና ነው የሚባለው በምን ምክንያት ነው?

ደግሞስ መንግሥት ቤታችን ገብቶ አያውቅም? የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን በ2002 ዓ.ም. ሲጀመር ነርሶች ቤት ለቤት እንዲዞሩ ነው የተመደቡት፤ የቤተሰብ ጤና ቡድኖችም ከዚያ በኋላ መጥተዋል። በኮቪድ ጊዜ ሕመሙ ያልጠናበት ሰው ቤቱ ውስጥ ተለይቶ እንዲያገግም ሲፈቀድ ለብቻ የሚሆን ክፍል አለ ወይ፣ የሚያስታምም ሰው አለ ወይ ተብሎ ይታይ ነበር። ቤትን እንደ ሕክምና ቦታ መመዘን ያን ጊዜ ማንንም አላስከፋም። ሆስፒስ ኢትዮጵያም ለብዙ ዓመታት ነርሶቹን የማይድን ሕመም ወደያዛቸው ሰዎች ቤት ሲልክ የቆየ ተቋም ነው። የማስታገሻ ሕክምና ነርስ ሕመምተኛውን ሕመምህ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው ብላ ትጠይቃለች፤ መልሱን ትጽፋለች፤ በሚቀጥለው ጉብኝት ታነጻጽራለች። ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ሕመም ከተለካ የማገላበጫ ሰዓት የማይጻፍበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው መልስ የሚመጣው ከቢሮ ነው፤ ፈቃድ የሌላቸውን ድርጅቶች እንዘጋለን፣ ያላቸውን እንቆጣጠራለን። ጥሩ ነው፤ ይደረግ። ግን ፈቃድ የሚሰቀለው በድርጅቱ ግድግዳ ላይ ነው፤ በሽተኛው ያለው ሌላ ቤት ውስጥ ነው። የነርሷ ዲፕሎማ በፋይል ተቀምጦ ወደ አልጋው የምትሄደው ሌላ ሴት ልትሆን ትችላለች። የተቋም እንክብካቤ ቢያንስ ይታያል፤ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከሉን ሜቄዶንያን ሊጎበኝ የሚሄድ ሰው ሁሉ አልጋዎቹን በዓይኑ ያያል፣ ይህም ራሱ አንድ ቁጥጥር ነው። የኮንዶሚኒየም በር ግን ዝግ ነው። የቢሮ ምርመራ ያንን በር አያልፍም።

እዚህ ላይ አንድ ስም ማንሣት አለብኝ። ቤይሩት የተወለደው አርመናዊው ሐኪም አቬዲስ ዶናቤዲያን በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የሕክምና ጥራት በሦስት ወገን ይታያል አለ፦ ምን ተዘጋጅቷል፣ ምን ይደረጋል፣ ምን ውጤት መጣ። የጤና ጥራት ትምህርት ዛሬም የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። የኛ ቤተሰብም ቢሮአችንም የሚያዩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሴትዮዋን ወይም ወረቀቷን። ዶናቤዲያን በሕይወቱ መጨረሻ፣ እሱም ታሞ ሳለ፣ የጥራት ምሥጢሩ ፍቅር ነው ማለቱን ብዙዎች ይጠቅሱለታል፤ የደግነት ወገንተኞችም ይህን ሊያነሡብኝ ይችላሉ። ሰውየው ግን እዚያ ላይ አላቆመም። ፍቅር ያለው ሰው ከዚያ ተነሥቶ ሥራውን ይከታተላል፣ ያሻሽላል ነው ያለው። የሚወድ ሰው ይለካል ማለት ነው፤ እኔም ያልኩት ከዚህ ሌላ አይደለም።

የእንግሊዝን መንገድ እንዳለ እናምጣ የሚሉም አሉ። እዚያ የእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽን ቤት ለቤት የሚሠሩ ድርጅቶችን እየመረመረ ደረጃ ያወጣል፤ ሕዝብ ያነበዋል። ግልጽነቱን እወደዋለሁ። ነገር ግን በዚያው አገር አስታማሚ 15 ደቂቃ ብቻ ቆይታ ቅጽ ሞልታ የምትሮጥበት ጉብኝት ለዓመታት ሲወቀስ ኖሯል። ቅጹ ሞልቶ አዛውንቱ ሻይ ሳይጠጡ የሚቀሩበት እንክብካቤ የኛ ግብ ሊሆን አይገባም።

ሦስተኛው መልስ ከባዱ ነው፤ ገንዘብ። ሁለት አስታማሚ መቅጠር የሚችል ስንት ቤት አለ? ጥቂት። የጎፋ አብዛኛው ቤት አንዲት እንኳ አይቀጥርም፤ የምታስታምመው ሥራዋን የተወች ልጅ ናት። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ልጆች ወላጆቻቸውን የመጦር ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል። በሁለቱ ግዴታዎች መካከል ብቻዋን የቆመችው ያቺ ልጅ ናት። ስለ ጥራት የሚያወራ ሰው እሷን የሚከስ ከመሰላት ልክ ናት፤ እስከ ዛሬ ጥራት ሲነሣ የሚመዘነው የሴቶች ልብ ነበርና። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። አልጋው ሲመዘን የሚታየው የእሷ ጥፋት አይሆንም፤ ብቻዋን መሆኗ ነው። አሁን የማትታየው ስላልተጻፈች ነው። ወንድሞቿ በየበዓሉ እየመጡ «እግዜር ይስጥሽ» ብለው የሚሄዱት ሌሊቷ ስንት እንደሆነ በወረቀት ስላላዩት ነው።

መለካት ደግሞ ውድ አይደለም። ወጪው አንድ ደብተርና አንድ ነርስ በየሁለት ሳምንቱ ነው። ዕድሮቻችን ለሞተ ሰው ድንኳን፣ ወንበርና ገንዘብ አላቸው፤ ከዚያው መዋጮ ትንሽ ቀንሰው ከወረዳው ጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግረው፣ በአባላቱ ቤት ያሉትን አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎች የምትዞር ነርስ ትራንስፖርት ሊሸፍኑ ይችላሉ። ዕድር ይህን ሠርቶ ያውቃል፤ ከላይ ተናግሬዋለሁ። ጤና ጣቢያው ደግሞ ሠራተኛው አለው፤ የሚጎድለው የአረጋዊው ቆዳ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ መግባቱ ነው።

ደብተሩ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ገጽ የመድኃኒቶቹን ስም በአማርኛ፣ ለምን እንደሆኑና በየትኛው ሁኔታ እንደማይሰጡ ይያዝ፤ ይህን የሚጽፈው መድኃኒቱን ያዘዘው ወይም የሸጠው ባለሙያ ነው፣ አስታማሚዋ አይደለችም። ቀጥሎ ያሉት ገጾች ዓምዶች ይኑሯቸው፦ የተገላበጠበት ሰዓትና ወደየትኛው ጎን፤ ተረከዝ፣ ዳሌና የወገብ መጨረሻ በመዳፍ መዳሰሱ፤ የበላውና ቀና ብሎ የቆየበት ጊዜ፤ የሽንቱ ቀለም። የመጨረሻው ዓምድ አስታማሚዋ ስንት ሰዓት እንደተኛች ነው። ይህን ዓምድ የሚሞላው ደመወዝ ከፋዩ፣ ወይም ከቤት ውጭ የሚኖረው ወንድም ነው፤ በየማለዳው ደውሎ ጠይቆ። ሦስት ሌሊት በተከታታይ ከ5 ሰዓት በታች ከተጻፈ ተጨማሪ ሰው ይቀጠር፤ ገንዘቡ ከሌለ ደግሞ ከቤተሰቡ አንዱ መጥቶ ሌሊቱን ይረከብ።